አጎዛ የለበሰ ግራይንደር

ደብረ ማርቆስ ላይ ተቀምጦ ስለ ጀልባ የሚጨነቅ ሰው አይታችሁ ከሆነ እኔ ነኝ። ከተማችን 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ ውኃን የምናውቀው ክረምት በጭቃ፣ በጋ በጄሪካን ነው። ጣጣውን ያመጣው ባሕር ዳር የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ነው። ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልስባት ትንሽ የፋይበር ጀልባ አለችው።

"ጋሼ፣ ጀልባዋ ነጣችብኝ" ብሎ ደወለ።

"ድሮስ ነጭ አይደለችም እንዴ?"

"ነጭ ነበረች፤ አሁን ኖራ ሆናለች። የተደገፋት ሁሉ ሱሪውን እያራገፈ ነው የሚወርደው።"

ጥፋቱ የራሴ ነው። ባለፈው ፋሲካ አሮጌ ኮሮላዬን በጨርቅ ወልውዬ ሳበቃ፣ ጠላው ሞቅ ሲያደርገኝ እሱ ፊት ስለ ፖሊሽ ትንሽ ተፈላስፌ ነበር።

ለካ ጀልባም ቆዳ አላት። ጄልኮት ይሉታል፤ በፋይበሩ ላይ የተነጠፈ የሬዚን ሽፋን ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ። የከፍታ ፀሐይ ዓመት ከዓመት ሲበላው ላዩ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱን ፍቆ ከሥሩ ያለውን ጤነኛ ቆዳ ማውጣት ነው ሥራው። (ታንኳ እንዲህ ያለ ቅብጠት አታውቅም። ደንገሏ ውኃ ሲጠግብ ዳር አውጥቶ ማድረቅ፣ ስትበሰብስ ሌላ ማሰር ነው።)

ማሽኑ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ወፍጮ በአንድ ቦታ ይሽከረከራል፤ ቶሎ ይፍቃል፣ ቶሎም ያግላል፤ የለመደ እጅ ይፈልጋል። ሁለተኛው እየዞረ እንደ ወንፊት ይወዛወዛል፤ ሲጫኑት መዞሩን ያቆማል፣ ስለዚህ ለማቃጠል አይመችም። እኔ ወንፊቱን ናቅሁት። ሲጫኑት የሚቆም ማሽን ምን ወንድ ነው!

መናኸሪያው አጠገብ ያለው ባለ ሱቅ ልጅ ግን ሁለቱም አልነበረውም። ግራይንደር አወጣልኝ።

"ይኼ እኮ የብረት መቁረጫ ነው" አልኩት።

"ይዞራል አይደል?"

መዞሩንማ ይዞራል። የፖሊሽ ማሽን በደቂቃ ከ600 እስከ 3,000 ጊዜ ሲዞር፣ ይኼ 11,000 ይዞራል፤ መቀነሻም የለው። እኔ ቁጥሩን ሳየው የታየኝ ሥራው በአራት እጥፍ ሲፈጥን ነው።

"ለምን ሥራ ነው?" አለኝ ብሩን እየቆጠረ።

"ለጀልባ።"

ቆጠራውን ከመጀመሪያው ጀመረ።

ፖሊሽ የሚደረግበት የበግ ፀጉርም ሱቁ ውስጥ አልነበረም። ቤት ስገባ አባቴ ቅዳሴ ሄደዋል፤ አጎዛቸው መደቡ ላይ ተዘርግቷል፣ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ። የሻይ ማስቀመጫ ሳህን ደፋሁበትና ዙሪያውን ቆረጥኩ። ሲመለሱ ሳያዩኝ ወደ ባሕር ዳር።

ጀልባዋ ከውኃ ወጥታ ጠበቀችኝ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ አጎዛውን በገመድ አሰርኩ፣ ፖሊሹን ቀባሁ፣ ማብሪያውን ነካሁ። የቀባሁት ሁሉ ፊቴ ላይ ተመልሶ መጣ። ዓይኔን ጠርጌ ጫን አልኩት። ወዲያው የተለበለበ በግ ሸተተ፤ ዕለቱ ዓርብ ነው፤ በዳር የሚያልፉት መነኩሴ ቆም ብለው አዩንና አማተቡ። ከዚያ ገመዱ ተበጠሰ። አጎዛው ተወርውሮ ጣና ላይ ሲያርፍ አንድ ፔሊካን ዓሣ መስሎት ገሠገሠ፤ ቀምሶ ተወው።

ማሽኑን እስካጠፋ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ የብር ሳንቲም የምታህል ቦታ ፋይበሩ ወጥቷል። ጠርዝ ላይ ቆዳው ሳስቶ እንደሚቀባ የነገረኝ የለም። አማቼ ክፉ ቃል አልተናገረም፤ እሱ ነው የከፋው። ዝም ብሎ ሄዶ ከጎረቤቱ ወንፊቱን ተውሶ መጣ። ዱቄቱን በብርጭቆ ወረቀት በውኃ እየፈተግን፣ በማሽኑ እያለሰለስን ሁለት ቀን ፈጀን። ስጫነው ይቆማል፣ ሳነሣው ይዞራል። በሁለተኛው ቀን ማታ ጎኗ ላይ ፊቴን አየሁ፤ ቅንድቤ ላይ የደረቀው ፖሊሽ ሳይቀር ይታያል።

አገሬ ስገባ አባቴ መደቡ ላይ ናቸው።

"ይኼን አጎዛ ምን ነካው?"

"ጀልባ ነው፣ አባባ።"

ደጁን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ቀዳዳውን አዩ። "እስከዚህ ድረስ መጣ?" አሉና ቀዳዳውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው ተቀመጡበት።