በጭብጨባ ሄዶ በባዶ ኪስ የመመለሻ ብልሃት

ቦርከና ዳር ኳስ ሲያንከባልል ታይቶ «ይሄ ልጅ እዚህ አይቀርም» ለተባለው የከሚሴ ጎረምሳ ይድረስ።

መጀመሪያ ነገር፣ ከቀዬህ ንቅንቅ እንዳትል። ሩጫ ካማረህ ደሴ ወይም ደብረ ብርሃን ደጋ ላይ ወጥተህ ተለማመድ የሚሉህ ይኖራሉ። ከሚሴ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ እነቀነኒሳን ያፈራችው በቆጂ ግን 2,800 ታህላለች እያሉ ይተነትኑልሃል። አትስማቸው። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚመላለሰው አውቶቡስ ሁሉ ከተማችንን ሰንጥቆ አይደል የሚያልፈው? አንድ ቀን አንዱ አሠልጣኝ በመስኮት አይቶህ «ሹፌር፣ ወራጅ አለ!» ይላል። እስከዚያው አስፋልት ዳር ሰውነትህን አሟሙቅ።

ዕድሜህን ቀንስ። 21 ከሆንክ 16 በል፤ ጢም ሲያስቸግርህ ተላጭ። ፊፋ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ያስነሳል፤ ማሽኑ የቀበሌ ማህተም አይገባውም። ቢሆንም ሞክር፤ ከቡድኑ ስትቀነስ ጓደኞችህም አብረውህ ይመለሱ ይሆናል።

ውል ሳታነብ ፈርም። ደላላው ሻይ ቤት ቀጥሮህ፣ ወረቀቱን ብርጭቆ ካረጠበው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ቁጥሩ ያለበትን መስመር በአውራ ጣቱ ሸፍኖ «እዚህች ጋ» ካለህ እዚያችው ጋ አስቀምጥ። «አንድ ቅጂ ለእኔ» ማለት ሰው መጠርጠር ነው፤ ወሎዬ ደግሞ እንግዳ አይጠረጥርም። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች የተጫዋች ደሞዝ ጣሪያ በወር 50 ሺህ ብር ይሁን ብለው ነበር። ደላላ ግን ለጣሪያ ሁሉ መሰላል አያጣም። «አብሽር፣ ቀሪው በጎን ይከፈልሃል» ይልሃል። በጎን የተባለ ገንዘብ ጥቅሙ ሲቀር ነው የሚታወቀው፤ የምትከስበት ወረቀት ስለሌለህ ከክርክር ትድናለህ።

ደሞዝ መዘግየቱ አይቀርም። አብዛኛው ክለባችን የሚኖረው ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ተቋም በሚመጣ በጀት ነው፤ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚያጥረው ያንተ ነው። የፊፋ የዝውውር ደንብ ሁለት ወር ደሞዝ ያለአግባብ የቀረበት ተጫዋች ክለቡን በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ 15 ቀን ጠብቆ፣ ካልተከፈለው ውሉን ማፍረስ ይችላል ይላል። አንተ «በጽሑፍ» የምትለዋን ዝለላት። ለቡድን መሪው ደውልና «ጋሼ፣ የኛ ነገር ምን ደረሰ?» በለው። «በዚህ ሳምንት ነው» ይልሃል። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው። እሱ አይዋሽም፤ ሁልጊዜ «በዚህ ሳምንት» ውስጥ ነን።

ወደ ጫቱ እንምጣ። ለጨዋታ ዋዜማ የሚሆን እንደሱ ያለ ምን አለ? ከዙህር በኋላ ተቀምጠህ፣ ምርቃናው ሲመጣ ሁለት ክለብ አስፈርመህ፣ ለእናትህ ባለ ሁለት ፎቅ ሠርተህ፣ መግሪብ ሳይደርስ ስፔን ትገባለህ። በማግስቱ ሜዳ ላይ ሃያኛው ደቂቃ ሲደርስ እግርህ ከስፔን አልተመለሰም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲን በውድድር ወቅት ከተከለከሉት ቅመሞች አንዱ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮ ግራም ካለፈ ያስቀጣል። አጎትህ «ቅጠል ነው፣ አላህ ያበቀለው» ይሉሃል። ላቦራቶሪው ግን እሳቸው ዱአ ላይ አልተቀመጠም።

ሲደክምህ ደግሞ ክሊኒክ ገብተህ «ግሉኮስ አንጠልጥሉልኝ» በል። ሆስፒታል በአግባቡ ለሚታከም ሕመምተኛ ወይም የሕክምና ፈቃድ ላለው ካልሆነ በቀር በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ ክልክል ነው። የተንጠለጠለው ከረጢት ባለ 500 ከሆነ አምስት እጥፍ ገባህ ማለት ነው። ለነርሷ ስፖርተኛ መሆንህን እንዳትነግራት፤ ሙያ በልብ ነው።

ሯጭ ከሆንክ ጫማ ሳታስለካ ግባ። ደራራ ሁሪሳ በመስከረም 2021 (እ.ኤ.አ.) የቪየና ማራቶንን አንደኛ ጨርሶ ወዲያው ተሰረዘ፤ የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ የሚፈቀደው 4። ዙርም አትቁጠር። ሐጎስ ገብረ ሕይወት በ2019 ሎዛን ላይ በ5,000 ሜትር አንድ ዙር ሲቀረው ያሸነፈ መስሎት ቆመ፤ ዮሚፍ ቀጀልቻ አሸነፈ፣ እሱ አሥረኛ ወጣ። የሐጎስ ችግር ስህተቱን ሙያ አድርጎ አለመያዙ ነው፤ በ2024 ኦስሎ ላይ ያንኑ ርቀት በ12:36.73 ሮጦ ምሳሌነቱን አበላሸብን።

በለስ ቀንቶህ ቦስተንን አሸነፍክ እንበል። በ2024 የአንደኛው ሽልማት 150 ሺህ ዶላር ነበር። የአሜሪካ ግብር 30 በመቶ፣ ማናጀር በተለመደው 15 በመቶ ሲወስዱ 82,500 ይቀራል፤ አሠልጣኝና አሯሯጭ ገና አልተነሱም። ክፍያውም የአበረታች ቅመም ምርመራው ውጤት እስኪመጣ ይቆያል። ይህን ሁሉ ዝርዝር ዋጥ አድርገህ «መቶ ሃምሳ ሺህ ዶላር!» ብለህ ቤት ደውል። ወሬው እሑድ ሰንበቴ ገበያ ከገባ ሰኞ ባቲ ገበያ ይውላል። ማክሰኞ ከሁለቱም አቅጣጫ ለሚመጣው ዘመድ፣ ሠርግ ለደገሰው፣ ባጃጅ ለጎደለው፣ መሬት ላገኘልህ፣ ለሁሉም «አብሽር» በለው። ገንዘቡ ገና ቦስተን ነው።