የጠላት አህያና የጎረቤት ዲኤክስ

ትእዛዝ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን እንዳትገድል፣ እንዳትሰርቅ እያለ የሚወዛወዝ ጣት ነው። እነዚያንማ ማን የማያውቃቸው አለ? የሰረቀውም ያውቃቸዋል። እኔን የሚያስደንቁኝ ከአሥርቱ ቃላት በኋላ የሚመጡት ትንንሾቹ ናቸው። የአይሁድ ሊቃውንት በኦሪት ውስጥ 613 ትእዛዛት ቆጥረዋል፤ 248ቱ «አድርግ»፣ 365ቱ «አታድርግ» የሚሉ። አንዳንዶቹን ሳነብ አምላክ ከሲና ተራራ ላይ ሆኖ የእኛን ሰፈር አሻግሮ ያየ ይመስለኛል።

ዘጸአት ምዕራፍ 21ን ውሰዱ። ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ በሬ ወይም አህያ ገብቶ ቢሞትበት ዋጋውን ለባለቤቱ ይከፍላል። በቃ። «የሚመለከተው አካል» የለ፣ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የለ፤ የቆፈረው ይከፍላል። ዘዳግም 22 ደግሞ አዲስ ቤት የሠራ ሰው፣ ማንም ከጣሪያው እንዳይወድቅ ዙሪያውን መከታ እንዲያበጅ ያዛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ኦሪት ግን ሰው እስኪወድቅ አትጠብቅም። ዲሽ ሊያዞር ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ዘዳግም 24 ደግሞ የቀን ሠራተኛ ሒሳቡን ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲቀበል ያዛል። «ሰኞ ብቅ በሉ» የምትባለዋን ፈሊጥ ሙሴም ሳይሰማት አልቀረም።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ዘጸአት 23 ላይ ያለው የጠላት አህያ ነው። የሚጠላህ ሰው አህያ ከነጭነቱ ወድቆ ብታገኘው አልፈኸው እንዳትሄድ፤ ከሰውየው ጋር ሆነህ አግዝ ይላል። ሰውየውን እቀፈው፣ ቡና ጋብዘው፣ ሽማግሌ ላክበት አላለም። አህያው ይነሣ፣ ኩርፊያው ባለበት ይቆይ።

እኔና አንደኛ ፎቅ ያለው ጎረቤቴ በውሃ ሮቶ ሰበብ ከተኳረፍን ቆይተናል። ደረጃ ላይ ስንተላለፍ እሱ ስልኩን ያያል፣ እኔ ግድግዳውን። ታዲያ ዝናብ ያደረበት አንድ ማለዳ ዲኤክሱ አልነሣ አለች። ቁልፉን ባዞረ ቁጥር ታቃስትና ዝም ትላለች። ልጆቹ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ከኋላ ተደርድረዋል። ልለፍ ብል ዘጸአት 23 በሩ ላይ ቆሞ አላሳልፍ አለኝ።

«ሁለተኛ አስገባ! ስጮህ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ!» አልኩት። ከሮቶው ወዲህ ለሱ የወጣኝ የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነበር። ሕጉ ባለቤቱም አብሮ እንዲያነሣ ይጠብቃል፤ የዲኤክስ ባለቤት ግን መሪው ላይ ይቀመጣል፣ ጭቃው የገፊው ነው። መኪና እየገፉ ማኩረፍ ደግሞ ከባድ ነው፤ ትንፋሹ ለሁለቱም አይበቃም። ዲኤክሷ ሱሪዬን በጭቃ ቀብታ ተነሣች። እሱም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ!» አለና ተፈተለከ።

ልቤ እስኪለሰልስ ቢጠበቅ ኖሮ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀርተው ነበር። ትእዛዙን የወደድኩለት ለዚህ ነው፤ ስለ ልቤ ምንም ሳይጠይቀኝ እጄን ብቻ ተዋሰኝ።

ችግሩ ከዚያ ወዲህ የመጣው ነው። ጎረቤቴ ባትሪ መግዛቱን ትቶ እኔ የምወጣበትን ሰዓት ማጥናት ጀመረ። ደግነቱ ለዚህም መፍትሔ አላጣሁም። ሚሽና የሚባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ፣ የአህያው ባለቤት ቁጭ ብሎ ሥራውን ሁሉ ለመንገደኛው ከተወለት መንገደኛው ከግዴታው ነፃ ነው ይላል፤ ባለቤቱ ያረጀ ወይም የታመመ ካልሆነ በቀር።

ይህንን ላስረዳው ቆርጬ ወረድኩ። እሱ ግን ዲኤክሷን ተደግፎ፣ በአንድ እጁ ወገቡን ይዞ ይጠብቀኛል።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ሰሞኑን እኮ ወገቤን አላስቀምጥ አላስቆም ብሎኛል።»