ዕጣ ያመጣው ሐኪም

ዘንድሮ የሚታከመው ሰው አይደለም፤ ወረቀቱ ነው። መጀመሪያ ካርድ ክፍል፣ ከዚያ አግዳሚ ወንበር፣ ከዚያ ክብደት፣ ከዚያ ግፊት፣ ከዚያ ሐኪሙ፣ ከሐኪሙ ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ ተመልሶ ሐኪሙ፣ ከሐኪሙ ፋርማሲ። ፋርማሲው ደግሞ «አባት፣ ይሄኛው ከውጭ ነው የሚገዛው» ብሎ ወደ አስፋልቱ ያወጣችኋል። ጉልበቴን አመመኝ ብሎ የመጣ ሰው ይህን ሁሉ ደጅ በምን ጉልበቱ ይዙረው? ይህን የሚጠይቅ አንድ ሹም አላየሁም። የጤና መድን መዋጮዬን በየዓመቱ እከፍላለሁ፤ መታወቂያዬ ላይ ፎቶዬ አምሮ ወጥቷል፤ ያተረፍኩት እሱን ነው።

በኛ ጊዜ አንድ በር፣ አንድ ሰው ነበር። የከተማዬን ስም አልጠራም፣ ሹሞቿ ቂመኞች ናቸው፤ በድሮው በጌምድር መንገድ ዳር ከበቀሉት አንዷ ናት በሉ። ሐኪማችን ከጦር ሠራዊት የወጣ ድሬሰር ነበር። እኛ «ዶክተር» እንለዋለን፤ እሱም አንድ ቀን «አይደለሁም» ብሎን አያውቅም። ጥርስ ይነቅላል፣ እባጭ ይበጣል፣ በሬ የወጋውን ይሰፋል፣ ምጥ ለጠናባት ሌሊት ፋኖስ ይዞ ይወጣል። በቅሎ ብትታመምም የሚጠራው እሱ ነው፤ አስተያየት አያጣም።

የመርፌውን ነገር ልንገራችሁ። ስሪንጁ ብርጭቆ ነው። በብረት ሳጥን ተደርጎ ላምባ ምድጃ ላይ ይቀቀላል። ውኃው ሲንተከተክ ሳጥኑ ይንቀጫቀጫል፤ ውጭ የተሰለፉት ልጆች ለቅሶ የሚጀምሩት ያን ጊዜ ነው እንጂ ሲወጉ አይደለም። መርፌዋ ስትደነዝዝ ድንጋይ ላይ አሹሎ ይመልሳታል። በቆንጠጫ ያወጣትና የፔኒሲሊኑን ብልቃጥ በሁለት መዳፉ መካከል እያሽከረከረ «አባትህ እንዴት ናቸው? ያ የወሰን ክርክር ምን ደረሰ?» ይልሃል። መልሱን ሳትጨርስ ተወግተሃል። ለሳል ፔኒሲሊን፣ ለቁርጥማት ፔኒሲሊን፣ ከሚስቱ ተጣልቶ ልቤ ደከመ ላለውም ፔኒሲሊን። ኤፒሲ ኪኒን ብቻ ይዞ የወጣ ሰው ግን ቅር ይለው ነበር፤ መርፌ ያልነካው ሰው ታከምኩ አይልም።

ልጄ ነርስ ናት። ይህን ባወራኋት ቁጥር በአንዲት መርፌ ተወግቶ ስንት ሰው ጉበቱን እንደተበላ ትዘረዝርልኛለች። ይሁን! ተሰልፎ ግን አልዋለም።

ከድሬሰሩ በፊት የነበረው ኮሶ፣ ዋግምት፣ ወጌሻና ጠበል ነው፤ ስለዚያ አላማርርም፣ የሚያማርሩበት አፍ ያላቸው ጥቂት ናቸው የቀሩት። በ1940ዎቹ አጋማሽ ወባ ደንቢያን አራቆተችው። ከዚያ በኋላ ነው በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው፤ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና አሜሪካኖቹ አግዘው። በአገሩ ያለው ሐኪም በጣት የሚቆጠር፣ ያውም አዲስ አበባ የሚቀመጥ ስለነበር፣ ለገጠሩ ሦስት ዓይነት ሰው አብረው አስተማሩ፦ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ሐሳቡ ሦስቱ ባንድ ጤና ጣቢያ ተቀምጠው 50,000 ሰው እንዲይዙ ነበር። ይህን ቁጥር ዛሬ ስትሰሙ ትስቃላችሁ፤ ያን ጊዜ ሳቅ አልነበረም። ኮሌጁ ተከፍቶ ገና ጥቂት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1951 ዓ.ም. ግድም፣ ወባዋ ቆላው አልበቃ ብሏት ወደ ደጋው ወጣች፤ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። እኔ ፍየል ጠባቂ ነበርኩ። ቀባሪ ጠፍቶ ሴቶች ሲቆፍሩ አይቻለሁ።

ከዚያ የወባ ማጥፊያ ሰዎች መጡ። በር ላይ ቁጥር እየጻፉ ቤቱን በዲዲቲ ረጩት። ትንኟ ስትሞት ትኋኑ በረታ፤ እናቴ እስክትሞት ድረስ ትኋኑን መንግሥት ነው ያመጣው ስትል ኖረች።

የጤና መኮንናችን የመጣው በጂፕ ነበር፤ ቀጭን፣ ክራቫት ያሰረ ልጅ። ድሬሰሩ ሳምንት ሙሉ አኮረፈው፣ ከዚያ አብረው ጠጅ ቤት ታዩ። ልጁ ዓመታት ተቀመጠ፣ የከተማችንን ልጅ አገባ፣ ክርስትና አነሳ። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የኔ ነገር። ተዝካር ላይ ጥሬ ሥጋ ስትቆርጥ ከማዶ ሆኖ ያይሃል፤ «ብላ ብላ፣ ሰኞ የኮሶ መድኃኒት ፍለጋ እንዳትመጣብኝ» ይላል፣ ሰው እየሰማ። አረቄ ያበዛውን ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያስቆመዋል። ሳል ይዞት የተደበቀውን ሰው ስም ያውቃል፣ ቤቱን ያውቃል፣ ለምን እንደተደበቀም ያውቃል። መሰደቡ ያስጠላ ነበር፤ ቢሆንም የሚሰድብህ ሰው ገበናህን አጥርቶ አውቆ ነው።

ሳኒታሪያኑ ሽንት ቤት ቆፍሩ አለን። በደርግ ጊዜ የጤና ወኪሉ ሽንት ቤት ቆፍሩ አለን። ኋላ በ1990ዎቹ አጋማሽ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሴት ልጆች ተመደቡ፣ 16 ፓኬጅ ይዘው፤ አንደኛው ሽንት ቤት ቆፍሩ ነው። መንግሥት ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ጉድጓዱ አልተቀየረም። የኛዋ ኤክስቴንሽን ታዲያ ጉድጓዴን ልትቆጥር ትመጣለች፣ ክዳኑንም አንስታ ታያለች፤ እጅ መታጠቢያው ጀሪካን ውስጥ ውኃ ከሌለ ትጽፈኛለች። የልጅ ልጄ እኩያ ናት። ቡና አፍልተን ካልሆነ አትታረቅም።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ሐኪም በዕጣ! ጤና ጥበቃ ተመራቂዎቹን ዕጣ እያስወጣ ሲመድብ ነበር። አዲስ አበባ የደረሰው እልል ይባልለት ነበር፣ እኛ የደረስነው ልጅ ግን ቤተሰቡ ሐዘን የተቀመጠ ይመስል ነበር። ከልጁ ፊት ላይ ያንን ሐዘን አናጣውም ነበር። ስሙን ስንለምድ ዓመቱ ሞልቶ ስፔሻላይዝ ሊያደርግ ይሄዳል፤ ሌላ ይመጣል፤ እኔም ጉልበቴን ከሀ እጀምራለሁ።

የአሁኑ ጨዋ ነው፣ አይካድም፤ ተነስቶ ነው የሚቀበለኝ።

«አባት፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ወባዋ ደጋ የወጣች ጊዜ ፍየል እጠብቅ ነበር።»

ኮምፒዩተሩ ፍየል የሚጻፍበት ቦታ የለውም መሰለኝ፣ ዝም ብሎ ሰባ አምስት መታ። ጉልበቴ የተጎዳው ዘመቻ ላይ እንደሆነ፣ እዚያ ያሰረልኝ ማን እንደነበረ ማስረዳት ጀመርኩ። እጁ እየጻፈ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ሳለ ማሽኑ ጠፋ።

«ሲስተም የለም፣ ትንሽ ይታገሡ።»

ድሬሰሩ ላምባ ሊያልቅበት ይችል ነበር፤ ሲስተም ግን አልቆበት አያውቅም። ተቀምጠን ቀረን፤ እሱ ስልኩን፣ እኔ እሱን እያየን። ዝምታው ሲከብደኝ ጨዋታ ላምጣ ብዬ ወዴት እንደሚያስብ ጠየቅሁት። ፊቱ በራ! ፈተናውን አልፏል፣ ከመስከረም በኋላ ይሄዳል።

«የምን ሐኪም ልትሆን ነው ልጄ?»

«የቆዳ።»

እኔ ደግሞ እከክ የለብኝም።