ስለማይደርቀው ቀለም

ሰው ከልጅነት እስከ ሽበት አንድ ነገር ወድዶ ሳይሠለጥንበት ቢቀር በሌላ ሙያ ዘንድ ስንፍና ይባል ይሆናል፤ በእኔና በዘይት ቀለም መካከል ያለው ግን ጽኑዕ ፍቅር ይባልልኝ። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 የማዕድን ምሕንድስና ይማሩ ተብለው ወደ እንግሊዝ አገር ቢላኩ ሠዓሊ ሆነው ተመለሱ፤ እኔ ደግሞ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የከፈቱትን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከአጥሩ ውጭ ስሳለመው ኖሬ በሒሳብ ሠራተኛነት ጡረታ ወጣሁ። አገራችንም በሎሬቱ በኩል አንድ መሐንዲስ ብታጣ በእኔ በኩል ከአንድ ደካማ ሠዓሊ ድናለች፤ ቢያንስ በሥራ ሰዓት።

የዚህ ቀለም ነገር ሁልጊዜ የሚደንቀኝ፣ ባዕድ መስሎ ሳለ ዘመዱ ከጓዳችን መሆኑ ነው። ዱቄቱ የሚለወሰው በተልባ ዘይት ነውና፣ የፍላንደሩ ሠዓሊ ያን ቫን አይክ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ያን ሁሉ ብርሃን ያፈለቀው እኛ በዐቢይ ጾም በጥብጠን ከምንጠጣው ዘር ነው። ይህን ምሥጢር ለባለቤቴ ከገለጽሁላት ወዲህ ተልባ በጎደለ ቁጥር የምትጠረጥረው እኔን ነው፤ የሠዓሊው ዘይት ተጣርቶ በጠርሙስ እንደሚሸጥ ባስረዳት እንኳ አላመነችኝም።

ደግሞም ይህ ዘይት ከአየሩ ኦክሲጅን እየሳበ ቀስ በቀስ ይጠነክራል እንጂ እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ስስ ሆኖ የተቀባው በጥቂት ቀናት ጣት ሲችል፣ እንደ እኔ ያለ ለጋስ እጅ የከመረው ግን ወራትን፣ አንዳንዴም ከዓመት የበለጠ ጊዜን ይሻል። ለገዳም የሚስማማ ጠባይ ነው፤ ለቦሌ ግን አይሆንም። ገርጂ ገና መስክ ሳለ፣ በአደይ አበባ መካከል የሚግጡትን ላሞች ልሥል ሸራዬን ዘርግቼ ብጀምር፣ የላሞቹ እግር ሳይደርቅ መስኩ በቆርቆሮ ታጠረ፤ ጀርባቸው ሳይደርቅ ፎቁ ቆመ። ወደ ቦሌ የሚወርደውም አውሮፕላን ከራሴ በላይ ሲያገሳ ደንግጬ የአንዲቱን ቀንድ እስከ ሰማዩ ስላስረዘምሁት፣ የሕንፃው ዘበኛ ቀርቦ አተኩሮ ካየ በኋላ «ጋሼ፣ ይቺ ክሬኗ ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገሩ ስለ ተመቸኝ አዎን አልሁት።

በሕይወቴ አንድ ሥራዬ ብቻ በአደባባይ ተሰቅሏል። ጎረቤታችን አንዲት እናት መልካቸውን እንድሥልላቸው ለምነውኝ፣ ከብዙ ድካም በኋላ ባስረክባቸው ረዥም ጊዜ ተመልክተው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ፤ ሟች እኅቴን ቁርጥ አድርገሃታል» አሉኝና በሙት ዓመቷ ከድንኳኑ መግቢያ ሰቀሉት። ከገጠር የመጡ አክስታቸውም እንዳዩት እየጮኹ አቅፈው ቢስሙት፣ በቢላ ከቆለልሁት አፍንጫ እኩሌታው በነጠላቸው ተለጥፎ ሄደ። ይቅርታ ልጠይቅ ብቀርብ ባለቤቲቱ ክንዴን ያዝ አድርገው «ግድ የለም ልጄ፤ ከቀድሞም የተረፈው አፍንጫው ነበር፤ አሁን ገና እሷን መሰለች» አሉኝ።