እለፈው!

ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስድ ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጥ ሰው ሥልጣኑ ከረዳቱ ይበልጣል፤ ማጫወቻው ፊቱ ነዋ። የማያውቀው ዜማ ሲጀምር «እለፈው!» ይልና ራሱ ያልፈዋል። የሚያውቀውንም ቢሆን ዘፋኙ አፉን ዘግቶ ፒያኖው ብቻውን ሲቀር ዘፈኑ ያለቀ ይመስለዋል። እለፈው!

በካሴት ዘመን እንዲህ ያለ ድፍረት አልነበረም። ያልጣመንን ለማሳለፍ ወደፊት ስናጠነጥን ባትሪው ይደክማል፤ በእስክሪብቶ እንዳናዞረው ደግሞ እጃችን ይዝላል። ስለዚህ እንሰማለን። ከካሴቱ ጀርባ አምስተኛ ላይ የተወሸቀችው ዘፈን በሦስተኛው ሳምንት ግድ ትወደዳለች። አድማጭ ያደረገን ስንፍናችን ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ የጋሽ ግርማ በየነ ነገር ነው። ድምፃዊ፣ ፒያኒስትና አቀናባሪ ናቸው። በወጣትነታቸው በራሳቸው ድምፅ ያስቀረጿቸው ዘፈኖች በጣት ይቆጠራሉ፤ «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ»ን የሚያዜም ሁሉ ቀሪዎቹን ሲጠየቅ ጣሪያ ያያል። ለእነ ዓለማየሁ እሸቴ ያቀናበሯቸው ግን ከ60 በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ተሻግረው እዚያው ቀሩ፤ ነዳጅ ማደያም ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከፓሪሱ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር የሠሩት አልበም የኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች 30ኛ ቅጽ ሆኖ ወጣ።

እስቲ የማንኛችሁም ፍላሽ ላይ አለ? የለም! ያለው «ምርጥ ምርጥ» የሚል ፎልደር ነው። ማን መረጠው? ዘፈን የሚጭነው ልጅ! ከፍቼ ሳየው «ትራክ 07፣ ዘፋኙ ያልታወቀ» ይላል። እኛ አላወቅናቸውም እንጂ ጋሽ ግርማ አልታወቁም እንዴ? 60 ዘፈን ያሳመረ ሰው ስሙ አንድ ፋይል ላይ ቦታ ያጣል፤ እኛ በሠራው ዜማ ልጅ እንድራለን፣ እስክስታ እንወርዳለን፣ ከዚያ ፈረንጅ ሲያጨበጭብለት «የኛ ነው» እንላለን። ምርጡን ቡና ለውጭ ሸኝተን ለኤክስፖርት ያልበቃውን ቆልተን እንደምንጠጣው ማለት ነው፤ ያውም ይርጋጨፌ ላይ ቁጭ ብለን! ያበሳጫል።

ለነገሩ ከሾፌሩ ጎን ያለው ልጅ ምን ያድርግ? መንገዱ አጭር ነው፤ ጋሽ ግርማን እስከ መጨረሻው ልስማ ቢል ወናጎ ላይ መውረጃው ያመልጠዋል። ቢያልፈውስ ምናለ፣ አንዳንዱ ዘፈን እውነትም መታለፍ የሚገባው ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን ሳይሰሙት እንዴት ይታወቃል?

ይህን ሳብሰለስል ረዳቱ ለአንድ ጆንያ አቮካዶ ሒሳብ ጠየቀ። የጆንያው ባለቤት የሆኑ እናት «ልጄ፣ ጆንያ ወንበር ይዟል እንዴ?» አሉት። ግማሹ ተሳፋሪ «ይክፈሉ»፣ ግማሹ «ነውር ነው» አለ። ጆንያው የተቀመጠው እግሬ ላይ ስለነበር እኔ ድምፀ ተአቅቦ አደረግሁ።