ድርሳን በእንተ ጳጉሜ፤ ወይም የሥጋዊ ሥልጣን ወሰን

ስለ ጊዜና ጊዜያዊውን ዓለም ስለሚገዛው ሥልጣን ጥንታውያን ብዙ ደክመዋል። ድካማቸው ግን ጳጉሜን ሳይመረምር አልፏል። ይህን ጉድለት ለመሙላት ብዕር ስናነሳ የትሕትናችን ብዛት እኛኑ አስገርሞናል።

ነገረ ፍልስፍና። አርስጣጣሊስ በ«ፊዚክስ» አራተኛ መጽሐፉ ጊዜ በፊትና በኋላ ተብሎ የሚለይ የእንቅስቃሴ ቁጥር ነው ይልና፣ የምትቆጥር ነፍስ ባትኖርስ ጊዜ ይኖራል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ፈላስፎች ይህችን ነፍስ ፍለጋ ሁለት ሺህ ዓመት ተንከራተዋል። ያለችው ሒሳብ ክፍል ነው። ነሐሴ 30 ደመወዝ ከፍላ መዝገቧን ትዘጋለች፤ መስከረም 30 ትከፍታለች። በመካከሉ 35 ቀን አለ፤ እርሷ የቆጠረችው 30 ነው። እንግዲህ አምስቱ ቀን በአርስጣጣሊስ ሥርዓት አልነበሩም። አውግስጢኖስም በ«ኑዛዜ» 11ኛ መጽሐፉ፣ ያለፈው የለም፣ የሚመጣው ገና ነው፣ አሁን የሚባለውም ስፋት የለውም ብሎ ተጨንቋል፤ ያውም ጳጳስ ሆኖ። ጳጉሜ 4 ቀን ደመወዝተኛ ሆኖ የዶሮ ዋጋ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ጭንቀቱን በግማሽ ገጽ በጨረሰው።

ነገረ ሃይማኖት። ባሕረ ሐሳብ ጳጉሜን አምስት፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ደግሞ ስድስት ቀን አድርጎ ያከብራታል። ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው፤ ሰማይ ይከፈታል፣ ልጆች ራቁታቸውን ዝናብ ይመታሉ፣ እናቶች ደጃፍ ላይ ባልዲ ይደቅናሉ። ጾሟም የፈቃድ ጾም ናት። የፈቃድ ማለት በጿሚው ፈቃድ የምትጾም ነው፤ አንድም በቀጣሪው ፈቃድ የምትጾም ነው። ሁለተኛው ትርጓሜ ይጸናል።

ነገረ መንግሥት። የሮማው ፖፕ ገላስዮስ በ494 እ.ኤ.አ. ለንጉሠ ነገሥት አናስታስዮስ ሲጽፍ ዓለምን በካህናትና በነገሥታት ሥልጣን ከፈላት። የእኛውም ፍትሐ ነገሥት ከ51 አንቀጾቹ 22ቱን ለመንፈሳዊው፣ ቀሪውን ለሥጋዊው ሰጥቷል። ሁለቱም ፔሮልን ዘነጉ! ንጉሥ አዋጅ ያስነግራል፣ ካህን ያወግዛል፤ አንድን ወር ከነዝናቡ የመሰረዝ ሥልጣን ግን ለፔሮል ብቻ ተሰጠ። የእኛው መንግሥት ደግሞ ለቱሪስቱ «የ13 ወር ጸጋ» እያለ ሲያስተዋውቅ ኖሯል። ጸጋው ለእንግዳው 13፣ ለባለቤቱ 12 ነው። (አሥራ ሦስተኛው ክረምት ላይ የሚውል መሆኑን ለቱሪስቱ ማን ይንገረው?)

የሒሳብ ሰዎች፣ «ደመወዝ የዓመት ነው፤ ለ12 ሲካፈል ጳጉሜ በየወሩ ተሸንሽናለች» ይላሉ። እጅግ ረቂቅ ትምህርት ነው። ነሐሴን ፈትሸን አላገኘናትም። የካቲትማ በ20ኛ ቀኗ ራሷ ብድር የምትጠይቅ ናት፤ በምን አቅሟ ጳጉሜን ትሸከማለች?

አንድ ችግር ግን ይቀራል። ፔሮሉ ቢሰርዛትም የሰዓት ፊርማ መዝገቡ ጳጉሜን አልሰረዛትም፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቀይ መስመር ይሰመርበታል፣ ዘግይቶ የመጣም ይጠየቃል። እንግዲህ ጳጉሜ 2 ቀን የቀረ ሠራተኛ ከየትኛው ወር ደመወዙ ይቆረጥበታል? ጥያቄውን ለሰው ሀብት አስተዳደር መርተነዋል፤ «ከበዓል በኋላ ተመለሱ» ተብለናል።