ያገለገለ አፓቼ በይጁቤ፦ በባለቤትነት ላይ የተደረገ ጥናት

መግቢያ

ያገለገለ ጉልበተኛ ሞተር ሳይክል ገዝቶ የግል ማድረግ ይቻላል የሚለው እምነት፣ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ ባለችው በይጁቤና በመላው ባሶ ሊበን ወረዳ፣ ማስረጃ ሳይቀርብለት ኖሯል። ይህ ጥናት እምነቱን በሦስት ደረጃ ይመረምራል፤ ሞተሩ ሲገዛ፣ ሲነዳና ሲለመን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቶሎ ስለሚያልቁ የጥናቱ ክብደት ያረፈው በሦስተኛው ላይ ነው። የተጠኑት መንገድ ክፍት የነበረባቸው ቀናት ብቻ ናቸው።

ስለ ጉልበት

በዓለም ላይ ጉልበተኛ ሞተር ሲባል ስሙ ቶሎ የሚነሣው የጃፓኑ ሱዙኪ ሀያቡሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ገበያ ላይ ሲወጣ 1,299 ሲሲ ኢንጅንና 175 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መሄዱ ስላሳሰበ፣ አምራቾቹ ተነጋግረው ከዚያ ወዲያ የሚሠሩት ሞተር 300 ላይ እንዲገታ አደረጉ። ይጁቤ ላይ ይህን የሚገታው በሬ ስለሆነ ስምምነት አላስፈለገም።

በአካባቢው የጉልበት ልክ ተደርጎ የሚወሰደው አፓቼ ነው። የህንዱ ቲቪኤስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው አፓቼ አርቲአር 180 ኢንጅኑ 177.4 ሲሲ፣ ጉልበቱም 17 ፈረስ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ዘመን የያማሃ ዘመን ነው። ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራው ኤጂ 100 ካቴናው በሽፋን የተዘጋ፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ ያለው፣ በግራም በቀኝም ተደግፎ መቆም የሚችል ሞተር ነበር። የግብርና ባለሙያውና የጤና ሠራተኛው መምጣታቸው ከጋራው ማዶ የሚታወቀው በእንዲህ ያለው ሞተር ድምፅ ነበር። የመሥሪያ ቤት ሞተር ሲያረጅ «ባለበት ሁኔታ» በጨረታ ይሸጣል። ባገለገለ ሞተር ንግድ ውስጥ ከተነገረው ቃል ሁሉ እውነተኛው ይኸው ነው፤ ሻጭ ሆኖ ዕቃውን የማያሞግስ መንግሥት ብቻ ነውና። ቀጥሎ የመጣው ቦክሰር ሸክም ይችላል። ሸክም መቻል ግን ለወጣት የሚያኮራ ነገር ስላልሆነ ጥናቱ አልፎታል።

አራቱ ፈረሶች

አስራ ሰባቱ ፈረሶች የተቆጠሩት አየር በበዛበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሚሆን ኢንጅን ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ከ17ቱ ፈረሶች አራቱ ደጋውን አይወጡም። ካርቡራተሩ ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን በቆላው ልክ ይሰፍራል፣ አየሩ ግን በደጋው ልክ ይመጣል። የተረፈው ቤንዚን ካንዴላውን ያጠለሸዋል፣ በማርሚታውም ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ በሽቦ ብሩሽ ያጸዳና «አሁን ፈረስ ሆነች» ይላል። የትኛው ፈረስ እንደሆነች አይናገርም።

አራቱ ፈረሶች ጨርሰው አልጠፉም። ወረዳው በስተደቡብ የሚያበቃው ዓባይ ላይ ነው፤ በረሃውም ከደጋው ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ወደዚያ ሲወርዱ አየሩ እየወፈረ ስለሚሄድ ፈረሶቹ አንድ በአንድ ይመለሳሉ። የሚመለሱት ግን ሞተር ጠፍቶም በሚወረድበት ቁልቁለት ላይ ነው። ዳገቱ ሲጀመር ተራ በተራ ይሰናበታሉ።

አገዛዝ፦ ንባብና ትርጓሜ

ጎጃም የትርጓሜ አገር ስለሆነ የሻጭን ቃል እንደ ወረደ መቀበል ነውር ነው። ቀጥሎ ዋና ዋናዎቹ ንባቦች ከነሐተታቸው ቀርበዋል።

ንባብ፦ «ሞተሯ አልተከፈተችም።» ሐተታ፦ አንድም ፒስተኗና ፋሻዋ ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው። አንድም ተከፍታለች፤ የከፈታት ግን መካኒክ አይደለም። አንድም መከፈት ነበረባት፤ ብር ጠፋ።

ንባብ፦ «የአንድ ሰው እጅ ናት።» ሐተታ፦ አንድም የነዳት አንድ ሰው ነው። አንድም የገዛት አንድ ሰው ነው፤ የሚነዷት ወንድሞቹ፣ የእህቱ ልጆችና ጎሚስታው ናቸው። አንድም ያ አንድ ሰው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ሲሆን፣ አድራሻው እየተፈለገ ነው።

ንባብ፦ «ኮንታኪሎሜትሯን እየው።» ሐተታ፦ አንድም ብዙ አልሄደችም። አንድም ሽቦው ከተበጠሰ ቆይቷል። እየው አለ እንጂ እመነው አላለም።

ንባብ፦ «ከአዲስ አበባ የመጣች ናት።» ሐተታ፦ አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ የሌለው ሞተር ሳይክል በከተማው እንዳይንቀሳቀስ ከልክላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገበያ የሚወጣው ሞተር ሁሉ በዚያ ሰሞን የተሰደደ ነው ይባላል፤ ከክልከላው በኋላ የተሠራውም ጭምር።

ንባብ፦ «ባይቸግረኝ አልሸጣትም ነበር።» ሐተታ፦ ለዚህ ንባብ አንድም የሚባልለት ሁለተኛ ትርጓሜ አልተገኘም። የቸገረችው ራሷ ሞተሯ ናት።

ከትርጓሜው ቀጥሎ ምርመራ ይመጣል። ልምድ ያለው ገዢ ማልዶ ይመጣል፤ ብርድ ያደረበት ኢንጅን አይዋሽምና። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ደግሞ ከእሱም ቀድሞ ይነሣል። ገዢው ሰላምታውን ሳይጨርስ መዳፉን ኢንጅኑ ላይ ያሳርፋል፤ ሞቆ ይጠብቀዋል። «ጠዋት ወፍጮ ቤት ደርሼባት ነው» ይባላል። ወፍጮ ቤቱ በዚያ ሰዓት አለመከፈቱን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዱም አያነሣውም። ከዚያ ገዢው ጎንበስ ብሎ ከኢንጅኑ ሥር ያለውን መሬት ያያል። አንድ ጥቁር የዘይት ጠብታ አለች። ሻጩ ቀስ ብሎ ቀኝ እግሩን ጠብታዋ ላይ ያሳርፋል፣ ድርድሩም ይቀጥላል። ዋጋው ሲወርድ ያዝናል፣ ሲወጣ ፈገግ ይላል፣ ደላላው እጅ ለእጅ ሊያማታቸው ሲጎትተው ወገቡን ብቻ ይሰጣል፤ እግሩን ግን ብሩ ተቆጥሮ እስኪያልቅ አያነሣም።

አነዳድ

አፓቼ በደህና አስፋልት ላይ በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከከተማ ወጣ ሲሉ ያለው መንገድ በበጋ ኮረኮንች፣ በክረምት ዋልካ ነው። ዋልካው ጎማውን ከፓራፋንጎው ጋር ካጣበቀው በኋላ አስራ ሦስቱም ፈረሶች ቢያገሱ አይነቃነቅም፤ የዚያን ጊዜ ጉልበት የሚባለው ከኋላ የሚገፉት ሰዎች ናቸው።

መንገዱ በደረቀበት ወራት ደግሞ ፍጥነትን የሚወስነው ሰላምታ ነው። ሽማግሌ ሲያልፍ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ቄስ ሲያልፍ ይቆማል፣ ለቅሶ ያለበት ደጃፍ ሲደርስ ሞተር ጠፍቶ ይገፋል። ሳይሳለም ያለፈ ሰው ማርቆስ ሳይደርስ ስድነቱ እናቱ ጆሮ ይደርሳል። ወሬው በአፓቼ ስላልሄደ እንዴት እንደቀደመው አልታወቀም።

ስለ ነዳጅ አጭር መግለጫ ይበቃል። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በቴሌብርና በመሰል ኤሌክትሮኒክ መንገዶች ብቻ እንዲሸጥ ተወስኗል። መንገድ ዳር ተደርድሮ የሚሸጠው የሃይላንድ ቤንዚን ግን ኔትወርክ አይፈልግም።

ልመና

ዋናው ግኝት እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ በተገዛ በሳምንቱ ባለቤቱ የሚነዳው ሌላ ሰው ላልፈለገው ጉዳይ ብቻ ይሆናል። ልመናው በአራት ይከፈላል። የሕመም ልመና ሌሊት ይመጣል፤ እንቢ አይባልም፣ ባለቤቱም እንቢ ሊል አይፈልግም። የለቅሶ ልመና ጎሕ ሳይቀድ ይመጣል፤ መርዶ በእግር አይዘገይምና። የስብሰባ ልመና ከቀበሌ ይመጣል፤ «ለአንድ ቀን» ይባላል፣ የቀኑ ርዝመት ግን አይገለጽም። የዓመት በዓል ልመና በግ ይዞ ይመጣል፤ በጉ መሐል ይቀመጣል፣ አንዱ ሄልሜት ለማን እንደሚገባ ሲያከራክር ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ይደርሳል።

የአጠያየቁ ስልት ለብቻው ሊጠና ይገባዋል። አንዲት እናት አጥር ላይ ቆመው ይጀምራሉ፦

«ልጄ፣ ሞተርህ ዛሬ ሥራ አላት?»

«የላትም እማማ።»

«እንግዲያ ተነሣ፣ ማርቆስ ታደርሰኛለህ።»

በሌላ ቀን ሌላ መልስ ተሞክሯል፦

«አላት እማማ።»

«የት ልትሄድባት ነው?»

«ማርቆስ።»

«እሰይ! እኔም ወዲያው ነኝ።»

ማርቆስ የሚለው በሌላ አቅጣጫ ተተክቶም ተሞክሯል። እማማ በዚያም በኩል ዘመድ አላቸው።

ሞተሩን ራሱ ሊነዳ የሚዋሰው ደግሞ «ቤንዚኑን እኔ እሞላለሁ» ይላል። ቃሉንም ይጠብቃል፤ ወስዶ ለሚሄድበት የሚበቃውን ይሞላል፣ ሲመልስም የራሱን ጨርሶ ስለሚመጣ ከሰልባቲዮው ውስጥ የሰው ዕቃ አይቀርም። ዘይት ግን የማንም ስላልሆነ አይሞላም። ፍሬን ሸራ ሲያልቅ፣ ካቴና ሲላላ፣ አሞርዛተር ዘይት ሲያለቅስ ሁሉም «ስወስዳትም እንዲህ ነበረች» ይላል። እውነቱን ነው፤ እሱም የተዋሳት ከሌላ ተዋሽ ተቀብሎ ነው።

ከዚህ ጥናቱ የደረሰበት መደምደሚያ የሞተር ጉልበት በፈረስ ሳይሆን በለማኙ ብዛት መለካት እንዳለበት ነው። ቦክሰር ያለው ሰው ጎረቤቶቹ ይጠይቁታል፤ አፓቼ ያለውን ግን «ያንተማ ፈጣን ናት» እያሉ ከሌላ ቀበሌም ይመጡበታል። የይጁቤ ሰው ለትርፍ ፈረሶቹ ብሎ የሚጨምረው ብር በይፋ ባይነገርም ለከተማው የተደረገ መዋጮ ነው።

አሻሻጥ

በጥንቱ ዘመን ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። በይጁቤም ሰውየው ሞተሩን በገዛ በማግሥቱ ስሙ ይቀርና ባላፓቼው ይባላል። ይህ ሲሸጥ ችግር ይፈጥራል። ባለቤቱ ድካሙ በዝቶ ሞተሩን ለአንድ ወጣት ይሸጣል፣ ውሉን ይፈርማል፣ ሊብሬውን ያዛውራል። ከተማው ግን ስሙን አያዛውርለትም፤ እሱ ባላፓቼው እንደሆነ ይቀጥላል፣ ገዢው ደግሞ «የባላፓቼውን ሞተር የገዛው ልጅ» ይባላል። እናቲቱም ሞተር የሌለውን ሰው አጥሩ ላይ ቆመው ይጠሩታል፦

«ልጄ፣ ያ ልጅ አንተ ብትለምነው እንቢ አይልህም። ሂድና አምጣልኝ።»

ሄዶ ይለምናል፤ ይሰጠዋል። ቤንዚኑን እሱ ይሞላል።

ምክረ ሐሳብ፦ ገዢዎች ከኢንጅኑ ሥር ያለውን መሬት ከማየታቸው በፊት የሻጩን አጥር ይዩ። አጥሩ በክርን መደገፍ ብዛት የተንጋደደ ከሆነ ሞተሩ በእርግጥ ፈጣን ነው፤ ዋጋው ላይ መከራከር አያስፈልግም።